ስህተቱን ማን መረጠው? ስለ ፋርማኮሎጂ የምርጫ ጥያቄዎች ጥራት

ጥያቄ ቁጥር 23 ነበር። ለፋርማሲ ተማሪዎች ባወጣሁት የማጠቃለያ ፈተና ውስጥ የገባ አጭር ጥያቄ ነው፤ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት አዋቂ ሰው ሕክምና ሲጀምር ከቴኖፎቪርና ከላሚቩዲን ጋር በቅድሚያ የሚመረጥለት ሦስተኛ መድኃኒት የቱ ነው ይላል። የመልስ ቁልፌ ላይ ያለው ኤፋቪሬንዝ ነው። ውጤት በተለጠፈ ማግስት አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። «ቲቸር፣ 23ኛዋን ቢያዩልኝ፤ እኔ ዶሉቴግራቪር ነው ያልኩት» አለችኝ። ከወረቀቴ ቀና እንኳ ሳልል «ሃንድአውቱን አንብቢ» ብዬ ሸኘኋት።

ሃንድአውቱ የኔው ነው። ያዘጋጀሁት ደግሞ የሕክምና መመሪያው ከመቀየሩ በፊት ነው። ልጅቷ አዲሱን መመሪያ አንብባ መጥታ እኔ ወደ አሮጌው መለስኳት ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት በትሕትናዬ አይደለም፤ በቆጠራ ነው። ያን ሰሞን የፈተናውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለመመርመር የመልስ ወረቀቶቹን ይዤ ተቀመጥኩ። ተፈታኞቹ 100 ነበሩ። በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ 27ቱን ወደ አንድ ወገን፣ ከታች 27ቱን ወደ ሌላ ወገን አደረግኋቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ ከየወገኑ ስንቱ እንዳገኘው ቆጠርኩ። 23ኛው ላይ ስደርስ ከጎበዞቹ ያገኙት 8 ብቻ፣ ከታችኞቹ ያገኙት 16 ሆኖ አረፈው። መጀመሪያ ወረቀቶቹን ያቀያየርኩ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ከላይኞቹ 17ቱ ዶሉቴግራቪርን ከበዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀጣው ያነበበውን ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። የምርጫ ጥያቄን ጥራት ማወቅ ከፈለጋችሁ ትክክለኛውን መልስ ትታችሁ የተሳሳቱትን አማራጮች ተመልከቱ። ማን መረጣቸው? ለምን መረጣቸው? ማንም ካልመረጣቸውስ ለምን ቁጭ አሉ? እኛ መድኃኒት አስተማሪዎች ነን። አንድ ክኒን በሰው ላይ ሳይሞከር፣ ጉዳቱና ጥቅሙ ሳይመዘን ገበያ ቢወጣ እንጮሃለን። የተማሪ ዕድል የሚወስን ጥያቄ ግን ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከላፕቶፓችን ወጥቶ ጠዋት አዳራሽ ይገባል፤ ከተፈተነ በኋላም ምን እንዳደረገ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም። የምርጫ ጥያቄን በማስጀመር ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ኬሊ ነው፤ በካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1914 እና 1915 አካባቢ ለተማሪዎች የንባብ ፈተና ሲያዘጋጅ። ያስጨነቀው የመምህራን እርማት ነበር፤ አንዱ 60 የሰጠውን ወረቀት ሌላው 85 ይሰጠዋል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ካለ የመምህሩ ስሜት ከእርማት ይወጣል ብሎ አሰበ። እውነቱን ነው፣ ከእርማት ወጥቷል። የገባው ግን ወደ ጥያቄ አወጣጥ ነው። በድርሰት ፈተና ጊዜ ስሜታችን ቀይ እስክሪቢቶው ላይ ይታይ ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር ያርመዋልና አይታይም። የማይታይ አድልዎ ደግሞ «ማሽን ነው ያረመው» ተብሎ ይከበራል።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ሒሳብ የማይወድ ካለ አይስጋ፣ ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም። ሁለት መለኪያ ይበቃል። የመጀመሪያው የጥያቄው ክብደት ነው፤ ከተፈታኙ ስንት በመቶው አገኘው? አባባሉ ትንሽ ያሳስታል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጥያቄው እየቀለለ ነው የሚሄደው። በአብዛኛው ከ30 እስከ 70 በመቶ ያለው ጥሩ ተብሎ ይወሰዳል። ሁለተኛው የመለየት አቅሙ ነው፤ ከላይኞቹ ካገኙት ላይ ከታችኞቹ ያገኙትን ቀንሱና ለአንዱ ወገን ብዛት አካፍሉ። አንድ ምሳሌ፦ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ደረቅ ሳል ቢያስቸግረው ምክንያቱ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር። ከላይኞቹ 27 ሰዎች 25ቱ፣ ከታችኞቹ 12ቱ አገኙት። ከ54ቱ 37ቱ ስላገኙት ክብደቱ 69 በመቶ ያህል ነው። 25 ሲቀነስ 12፣ 13፤ ለ27 ሲካፈል 0.48። ከ0.40 በላይ ከሆነ ግሩም ነው፣ ከ0.20 በታች ከሆነ ይጠረጠራል፣ ከዜሮ በታች ከወረደ እንደ 23ኛው አንዳች የተበላሸ ነገር አለ። የኔ 23ኛ ጥያቄ ከዜሮ በታች 0.30 ነበር። ክብደቱን ብቻ ባይ ኖሮ 44 በመቶ ስለሆነ «ልከኛ ጥያቄ» ብዬ ለሌላ ዓመት በጥያቄ ባንክ ውስጥ አስቀምጠው ነበር።

27 ቁጥር ከየት መጣ የሚል ይኖራል። ትሩማን ኬሊ የሚባል የሥነ ልቦናና የስታቲስቲክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳየው ነው፤ የካንሳሱ ኬሊ አይደለም፣ ስማቸው ይምታታል። ጫፍና ጫፉን በጣም ካጠበብነው ሰው ያንሰናል፣ ካሰፋነው ልዩነቱ ይደበዝዛል፤ 27 በመቶ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነው። ክፍላችሁ 30 ተማሪ ከሆነ ግን ይህን ነገር እንደ ቅዱስ ቃል አትያዙት። 27 በመቶው ስምንት ሰው ነው። አንድ ልጅ እጁ ስቶ ሌላ ፊደል ቢከብ መለኪያው በ0.12 ይንቀሳቀሳል። ለትንሽ ክፍል ተማሪውን እኩል ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ ከዚያም በላይ የሁለትና የሦስት ዓመቱን ውጤት አጠራቅሞ ማየት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ወደ አሳሳቾቹ። በትምህርታችን ዲስትራክተር ይባላሉ፣ እኔ አሳሳች እላቸዋለሁ። ከተፈታኙ 5 በመቶ እንኳ የማይመርጠው አሳሳች ሥራ ፈት ነው። ቦታ ይዟል እንጂ ማንንም አያሳስትም። የአንድ ባልደረባዬን ጥያቄ ላንሳ፣ ፈቅዶልኛል። በዋናነት የዓይን ነርቭን በመጉዳት የሚታወቀው የቲቢ መድኃኒት የቱ ነው? ሀ. ኢታምቡቶል፣ ለ. አይሶኒያዚድ፣ ሐ. ራይፋምፒሲን፣ መ. ፓራሲታሞል። ፓራሲታሞል እዚህ ምን አመጣው? ከሱቅ ሲገዛው የኖረ ሁሉ የቲቢ መድኃኒት አለመሆኑን ያውቃል። ጥያቄው በወረቀት ላይ አራት አማራጭ ቢኖረውም በተግባር ያለው ሦስት ነው። ፒራዚናማይድን አግቡበት፣ ነፍስ ይዘራል። «በዋናነት» የምትለዋን ቃል ደግሞ ልብ በሉ። አይሶኒያዚድም አልፎ አልፎ የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። «የዓይን ነርቭን የሚጎዳው የቱ ነው» ብላችሁ ብትተዉት ብዙ ያነበበው ልጅ ሁለት መልስ ያገኝና ይቸገራል፤ ያላነበበው ኢታምቡቶልን ከቦ ይሄዳል። በኛ ትምህርት ብቸኛ የሚባል ነገር እምብዛም ስለሌለ «ከነዚህ ይበልጥ የሚታወቀው»፣ «በቅድሚያ የሚመረጠው» ማለት ግዴታችን ነው።

ሥራ ፈት አሳሳች ምን ጉዳት አለው? በአገራችን በ2015 ዓ.ም. የጀመረውን የመውጫ ፈተና ታውቃላችሁ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የክፍል ፈተናችንንም በዚያው እንለካው። 40 ጥያቄ፣ አራት አራት አማራጭ። ምንም ያላነበበ ልጅ በጭፍን ቢከብ በአማካይ 10 ያገኛል፤ 20 የማግኘት ዕድሉ ከሺህ አንድ አይሞላም። ደህና አጥር ነው። አሁን ከየጥያቄው ሁለት ሁለቱ አሳሳቾች ሥራ ፈት ይሁኑ። ያው ልጅ፣ ያው ጭፍንነት፤ ግን የሚመርጠው ከሁለት ነው። አማካይ ውጤቱ 20 ይሆናል፣ የማለፍ ዕድሉም ከግማሽ ይበልጣል። ፋርማኮሎጂ ሳያውቅ ሳንቲም እየወረወረ አለፈ ማለት ነው። አጥሩን ያፈረስነው እኛ ነን፣ ሁለት ሁለት ሰነፍ አማራጭ በመጻፍ።

በዚህ ላይ ስሕተታችን ሌላውንም ወገን ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አለ፤ ስቲቨን ዳውኒንግ የሚባል የሕክምና ትምህርት ተመራማሪ በአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች የተፈተኗቸውን አራት ፈተናዎች መረመረ። እንከን ያለባቸው ጥያቄዎች ከፈተናው ቢሰረዙ ኖሮ ከወደቁት ተማሪዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚደርሱት ያልፉ ነበር አለ። ይህ ቁጥር ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳን ይገባል፤ እኔን ነስቶኛል።

ፋርማኮሎጂ ለብቻው ያለበትን አንድ ችግር ላውራ። የመድኃኒት ስም ጅራት አለው። ቤታ ብሎከር የሚባሉት የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች በ«ሎል» ያልቃሉ፣ የኢናላፕሪል ዘመዶች በ«ፕሪል»፣ የሎሳርታን ዘመዶች በ«ሳርታን»። «ከሚከተሉት ውስጥ ቤታ ብሎከር የቱ ነው? ሀ. አምሎዲፒን፣ ለ. ኢናላፕሪል፣ ሐ. አቴኖሎል፣ መ. ሎሳርታን» ብሎ መጠየቅ ሎል የምትል ፊደል ፈልግ እንደ ማለት ነው። የአሥር ዓመት ልጄ ሁለት ደቂቃ አስረድቻት አገኘችው፤ ቀልድ አይደለም። ስለ ልብ ምት፣ ስለ ሳንባ ቧንቧ የምታውቀው የለም። ያንኑ ነገር እንዲህ ብጠይቅስ? የደም ግፊት ታማሚ የሆነች ሴት አስም አለባት፤ አዲስ መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ ይህን ያመጣው የቱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል? አማራጮቹ ያው አራቱ ይሁኑ። ጅራቱን ማወቅ አሁንም ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ቤታ ተቀባዩ ሲዘጋ የሳንባ ቧንቧ እንደሚጠብብ ማወቅ አለበት።

ጅራቱን በተቃራኒው መጠቀምም ይቻላል። ኦሜፕራዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ አልቤንዳዞል። አራቱም «ዞል» ናቸው። አንዱ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፣ አንዱ ፈንገስ ያጠፋል፣ አንዱ ለአሜባና ለጃርዲያ ይታዘዛል፣ አንዱ የትል ነው። እነዚህን አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የትኛው ለምን እንደሚሰጥ ብትጠይቁ በጅራት የሚኖረው ልጅ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለም። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይም የሚያጋጥመው ይሄው መመሳሰል ነው። ጥሩ አሳሳች ማለት በሥራ ቦታ ሰው በእውነት የሚሳሳትበት ነገር ማለት ነው።

ይህ ይበልጥ የሚታየው በመጠን ስሌት ላይ ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን፣ አሞክሲሲሊን በቀን ለኪሎ 40 ሚሊግራም ታዞለታል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ተከፍሎ የሚሰጥ። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ይዟል። በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ሊትር? መልሱ 4.8 ነው። አብዛኞቻችን አሳሳቾቹን እንዴት እንጽፋለን? 4.8ን እናስቀምጥና 3፣ 6፣ 7 ብለን እንጨርሳለን። ከዚህ ይልቅ ልጁ ምን ሊሳሳት ይችላል ብላችሁ አስቡ። የቀኑን መጠን ለሁለት መክፈል ቢረሳ 9.6 ይመጣለታል። በልማድ ለሦስት ቢከፍል 3.2። በ5 ማባዛቱን ቢረሳ 0.96። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አስቀምጡ። ፈተናው ሲታረም 9.6ን 30 ተማሪ ከመረጠው በሚቀጥለው ሳምንት ምን ማስተማር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፤ 30 የወደፊት ፋርማሲስቶች የሕፃኑን መጠን እጥፍ አድርገው ሊሰጡ ነው። 7 ብላችሁ ጽፋችሁት ቢሆን ኖሮ የሚነግራችሁ ነገር አልነበረም።

«አማራጭ አራት ነው ወይስ አምስት?» የሚል ክርክር በየስብሰባው ይነሳል። ሦስትም ይበቃል። ማይክል ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የ80 ዓመት ጥናቶችን አሰባስቦ ሦስት አማራጭ በቂ መሆኑን አሳይቷል። ሦስት ሕያው አማራጮች ከአምስት በድን ይሻላሉ። የትምህርት ክፍላችሁ ደንብ አራት ካለ አራት ጻፉ፣ አትጣሉ።

ለመሸምደድ ነው የምንጠይቀው ወይስ ለማሰብ? ይህም የቆየ ጥያቄ ነው። የምርጫ ጥያቄ ሽምደዳ ብቻ ይለካል የሚለውን አልቀበልም፤ ሽምደዳ የሚለካው ሽምደዳ ስንጠይቅ ነው። ራይፋምፒሲን የጉበት ኢንዛይሞችን ያነቃል ወይስ ይገታል ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ አንድ ቃል ነው፣ ይሸመደዳል። ወይም እንዲህ፦ ኤችአይቪ ያለበት የ34 ዓመት ሰው ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ቲቢ ተገኘበትና ራይፋምፒሲን ያለበት ሕክምና ሊጀምር ነው፤ ምን ይደረግ? የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱ ይቋረጥ፣ እንዳለ ይቀጥል፣ የራይፋምፒሲኑ መጠን ይቀነስ፣ ወይስ ክኒኑን ከወሰደ 12 ሰዓት ቆይቶ የሚወሰድ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ይጨመርለት? መልሱ መጨረሻው ነው። ልጁ እዚህ ለመድረስ ኢንዛይሙ እንደሚነቃ፣ የነቃው ኢንዛይም ዶሉቴግራቪርን ቶሎ እንደሚያስወጣ፣ ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን እንደሚያንስ በአንድ ጊዜ ማሰብ አለበት። ይህ ታማሚ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ይቆምበታል።

ሁለት ነገር በጎን ልበል። አንደኛው ቋንቋ ነው። ፈተናችን በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪያችን የሚያስበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ነው። «ኤክሴፕት» የምትል ቃል መጨረሻ ላይ አስገብተን፣ አማራጮቹ ውስጥ ደግሞ ሌላ «ኖት» ስንጨምር የምንለካው እንግሊዝኛ ነው። «ከሚከተሉት የማይሆነው የቱ ነው» የሚባለውን ጥያቄ ጨርሶ ብትተዉት ደስ ይለኛል። ካልቀረ ቃሏን አድምቁና ከሥሯ አስምሩባት፤ ለነገሩ በመድኃኒት ሥራ ውስጥ «የማይሰጠው የቱ ነው» ማለት ትርጉም የሚኖረው ጊዜ አለ፣ ለነፍሰ ጡር ኢናላፕሪል እንደማይሰጠው።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። ጥያቄ ቁጥር ይህን ያህል ዘንድሮ 45 በመቶ አገኘው፣ በሚቀጥለው ዓመት 70፣ በሦስተኛው ዓመት 92። መምህሩ «ማስተማሬ ተሻሻለ» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ያለፈው ዓመት ፈተና በተማሪዎች ግሩፕ ውስጥ እየዞረ ነው። መለኪያውን በየዓመቱ ከመዘገባችሁ ይህንን ቶሎ ታዩታላችሁ፤ በድንገት የቀለለና የመለየት አቅሙ የወረደ ጥያቄ የወጣ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚህ ጉዳይ ስንመካከር አንድ ታላቅ ባልደረባችን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብለው አሳቁን። የሌላውን ጥያቄ ለመተቸት ሁላችንም ፈጣኖች ነን። ስለዚህ ዛሬ ያመጣሁት ወረቀት የማንም አይደለም፣ የኔው ነው፤ 23ኛውም አለበት። ተማሪዋን ጠርቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ዶሉቴግራቪር ለመለሱት ሁሉ ነጥቡ ተሰጥቷል፣ ሦስት ልጆች ደረጃቸው ከፍ ብሏል። ሃንድአውቱም ተቀይሯል፤ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆንም።

አሁን በእጃችሁ ያሉትን ወረቀቶች ግለጡ። ከ1 እስከ 40 ያሉት ጥያቄዎች ናቸው፣ ቁጥሮቹ በጀርባው አሉ፤ ቁጥሮቹን ግን እስካሁን አትዩ። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ያሉትን አማራጮች በመዳፋችሁ ሸፍኑ። መነሻውን ብቻ አንብባችሁ መልሱን መገመት ካልቻላችሁ ጥያቄው ምን እንደሚጠይቅ አልተናገረም ማለት ነውና ምልክት አድርጉበት። ከዚያ መዳፋችሁን አንሱና ከአሳሳቾቹ ውስጥ ማንም አይመርጠውም የምትሉትን ሰርዙ። ስትጨርሱ ወረቀቱን ገልብጡና ተማሪዎቹ ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ። ሃያ ደቂቃ አለን፤ ከ7ኛው ብትጀምሩ ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ አንድ ጉድ አለ።